አሥራ ዘጠኙ ዘር ተቀባዮች

ጀማሉዲን ይማምን ያገኘነው ሰኔ አራት ቀን 1967 ዓ.ም. ረቡዕ ጧት ነው። ከመካነ ሰላም የዘር መጋዘን ቁልቁል በሚወርደው የከብት መንገድ ዳር፣ ቁጥቋጦ ሥር ተንጋሎ ተኝቷል። ከኋላ ማጅራቱ ላይ ተመትቷል። ፊቱ በራሱ ጋቢ ተሸፍኖ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው ጫፉ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ጋቢውን ሳነሳ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ በጆንያ ክር አንድ ላይ ታስረው አየሁ።

«አስረው ነው የገደሉት፣ መቶ አለቃ» አለኝ ሃምሳ አለቃ ጀብሪል።

እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ጣቢያችን ያለው ካቴና አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ሌባ ከተያዘ አውራ ጣቶቹን በሲባጎ አስረን ነው የምንነዳው። ዓይኔ የሚያውቀውን አየ። ያ ስህተት ሁለት ቀን አባከነብኝ።

መቶ አለቃ ያለው እባላለሁ። ከደሴ ወደ ቦረና አውራጃ ከተዛወርኩ ገና አራት ወሬ ነበር። ሰው ማመን አይሆንልኝም። ሌባ እንደ ሌባ ሲናገር እንኳ ትንሽ እረጋጋለሁ፤ አገር በሙሉ ደግ ነው የሚለው ሰው ሲገጥመኝ ግን እንቅልፍ ያጣሁ ያህል እነጫነጫለሁ። በዚህ ምርመራ ግን ይህን ጠባዬን መጠቀም በሚገባኝ ቦታ ሳልጠቀምበት ቀረሁ።

ጀብሪል የሟቹን የቆዳ ቦርሳ ገልብጦ አራገፈው። «ዝርዝሩ የለም» አለ።

ዝርዝሩ ምን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። በድርቁ ዘሩ ላለቀበት ገበሬ መንግሥት አንድ አንድ ኩንታል ዘር ይሰጥ ጀምሯል። ጀማሉዲን የዚህ እርዳታ ጸሐፊ ነበር። ስሙን ከግብር መዝገብ ላይ እየገለበጠ ያወጣል፤ ገበሬው መጋዘን ሄዶ በአውራ ጣቱ ፈርሞ ይወስዳል። በሚያዝያ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወሰደ ተባለ። ጀማሉዲን ግን ወረቀቱ አላጠገበውም መሰለኝ፣ በግንቦት በየመንደሩ ዞረ። ፆም ያደረ መሬት አየ። ከዚያ «ቅዳሜ ገበያ መሃል፣ ዋርካው ሥር ቆሜ ዝርዝሩን ስም በስም አነበዋለሁ፤ የወሰደ ይነሳና ሰው ይየው» ብሎ አስነገረ። በዚያው ቅዳሜ ሁለተኛው ዘር ከደሴ በመኪና ይገባል፤ የሚታደለውም በዚያው ዝርዝር ነው።

ጣቢያ ስደርስ አንዲት ሴት በር ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አልታዬ ትባላለች፤ ከወግዲ አቅጣጫ ካለ መንደር ሌሊቱን በእግሯ የመጣች ናት።

«ጌታው፣ ወረቀቱ ጠፋ የሚሉት እውነት ነው?»

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ባሌ እሱ ላይ አለ። ንጉሡ ይመር። ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጥቶ ከቀረ ዓመት ከመንፈቁ ነው። ግንቦት ላይ ጸሐፊው ጀማል ቤቴ ድረስ መጣና ባልሽ የታለ አለኝ። እኔስ በምን አውቄ ብለው፣ ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን አንድ ኩንታል ወስዶ ፈርሟል አለኝ።» ነጠላዋን አጠበቀች። «ለእኔ ዘር የከለከሉኝ ባልሽ ወስዷል ብለው ነው። እንግዲህ አለ ማለት ነው። ለሌላ ሴት እየዘራ ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ስሙ ሲጠራ፣ ያየው ሰው ይነግረኛል ብዬ ወላሂ ቀን ስቆጥር ነበር።»

ፊቷ ላይ ንዴትም ደስታም ነበር። አሳዘነችኝ፤ ቢሆንም ስሟን ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ጻፍኩት። የተናደደች ሚስት ወንድም ሊኖራት ይችላል።

ክሊኒኩ ውስጥ ሬሳውን የመረመረችው ነርሷ ሐረግ ናት። ብዙ አትናገርም።

«ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው የሞተው። በአንድ ምት።»

«እጁን ካሰሩት በኋላ?»

«አይደለም። ክሩ ምልክት አልተወም። ሰው በሕይወት እያለ ቢታሰር ይታገላል፣ ቆዳው ይላጣል። ይህ ከሞተ በኋላ የታሰረ ነው።»

«የሞተ ሰው ለምን ይታሰራል?»

«እሱ የእርስዎ ሥራ ነው» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ማስፈራሪያ ነው ብዬ ገመትኩ፤ አፉን የሚከፍት ሁሉ እንዲህ ይታሰራል ለማለት። የሚያጥቡት ሸህ ሲመጡ መጀመሪያ ያዩት ያንን ክር ነው። «ይህን ፍቱለት። እጁ ከጎኑ ይዘርጋ፤ የኛ እንዲህ አይደለም» አሉ። እኔም ክሩን ከነቋጠሮው አውልቄ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። የሸሁን ቃል ግን አልከተትኩትም።

መጀመሪያ የሄድኩት ግራዝማች ውበቱ ዘንድ ነው። የካቲት ላይ መሬት ለአራሹ እስኪታወጅ ድረስ የግማሹ ቀበሌ ባለ ርስት ነበሩ። ጀማሉዲንን በሰው ፊት «የጭሰኛ ልጅ ስሜን ገበያ ላይ ሊጠራ ነው?» ብለው ዝተውበታል። ጠመንጃ አላቸው፣ ቂም አላቸው፣ ዝርዝሩ ላይም አሉ።

«ዘር ወስደዋል፣ ግራዝማች?»

«ወስጃለሁ። በሬም ዘርም ያለቀብኝ ሰው ነኝ። ርስት የነበረው ሰው አይራብም ያለህ ማን ነው?»

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

ሳቁ። «እነዚያን ጠይቃቸው» ብለው በአገጫቸው ወደ አጥሩ አሳዩኝ። ሁለት የዘመቻ ተማሪዎች ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። «ከየካቲት ወዲህ ለሽንት ስወጣ እንኳ ይመዘግቡኛል።»

እውነታቸውን ነው። ተማሪዎቹ ደብተር አውጥተው አሳዩኝ፤ ማክሰኞ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ፊውዳሉ ጥላ ሥር ተኝቷል ይላል፤ ሁለት ጊዜ ማንኮራፋታቸው ሳይቀር ተጽፏል። ለማንም እንዲህ ያለ ምስክር ተገኝቶለት አያውቅም።

ሐሙስ ጧት የእህል ነጋዴውን የአብዱሰላምን ጎተራ ፈተሽን። የእርዳታው ማኅተም ያለባቸው ስምንት ሙሉ ጆንያዎች ተደርድረዋል። ነጋዴው ጎረቤቱ ስለሆነ ጀብሪል አንገቱን ደፋ።

«ገዛሁት» አለ አብዱሰላም ሳይደነግጥ። «ተሸካሚ ያመጣል፤ የመረከቢያውን ወረቀት ከነአሻራው ይዞ። ገበሬው የወሰደውን ዘር ቢሸጥ የእኔ ጥፋት ምንድን ነው?»

«ገበሬው ራሱ ለምን አይመጣም?»

«ታሟል ይላሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁ።»

ወረቀቶቹን ሰጠኝ። ከስምንቱ ላይ የሦስቱ ስም ብቻ ይነበባል፤ ለጀብሪል ባነብለት አንዱንም አላወቀውም። አብዱሰላም ሰኞ በቅሎ ሊሸጥ አጅባር ሄዶ ረቡዕ ማታ ነው የገባው። በሬዲዮ ጠየቅን፤ የአጅባር ፖሊስ ማክሰኞ ከሰዓት ገበያው ውስጥ ከገዢ ጋር ተጣልቶ እንዳስታረቁት ነገሩን። ዘሩን የሚሸጥለት ሰው ግን ገዳዩ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ተሸካሚዎቹም አያውቁም፤ ጆንያውና ወረቀቱ ሲነጋ መጋዘኑ አጥር ሥር ተቀምጦ ነው የሚያገኙት፤ ገንዘቡንም እዚያው ድንጋይ ሥር ይተዋሉ።

ስለዚህ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ጠባቂው አምባቸው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ክንዱ ረጅም ሰው ነው። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው ሰላም የሚለው። በ1966 ረሃብ ጊዜ ከተማው ዳር መጠለያ ተተክሎ ነበር። በሽታ ገብቶ ሬሳ የሚነካ ሰው ሲጠፋ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሙታኑን የቀበረ እሱ ነው።

«አያ አምባቸው፣ ከዚህ ዘር የሚሰርቅ ማን ይመስልዎታል?»

«መቶ አለቃ፣ የተራበ አገር ላይ ማንን ልጥራ? እኔ ስም ከተጠራ፣ ወረቀት ካመጣ እሰጣለሁ፣ አስፈርማለሁ።»

«ማክሰኞ ከሰዓትስ?»

«ቅሬ ነበር። የሽማግሌው የኑሩ ቀብር።»

ቅሬ የወሎ ሰው የቀብር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ጥሪ ከተሰማ አባወራ ሁሉ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን ሦስት ሰዎች «አምባቸው ቀብር ላይ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም በየተራ «ኧረ ያለ እሱ መቃብር ይቆፈራል እንዴ?» አሉኝ። ስሙን ሰረዝኩ። ሦስቱም አየነው እንዳላሉኝ ልብ ያልኩት በማግሥቱ ነው።

አልታዬ አልሄደችም። ዓርብ ቀትር ላይ ጣቢያው በር ላይ አገኘኋት፤ ቆሎ እንኳ አልያዘችም። ከዳቦዬ ቆርሼ ሰጠኋትና አጠገቧ ቆምኩ። ስሟ አሁንም ወረቀቴ ላይ ነበር።

«ቤት ልጆች የሉሽም?»

«አንዲት ነበረችኝ። አምና ታኅሣሥ ላይ መጠለያው ውስጥ አረፈች። እሷን ቀብሬ ነው በጥር ወደ መንደሬ የተመለስኩት።» ዳቦውን አልነካችውም። «ቅሬ የለ፣ ዘመድ የለ። አያ አምባቸው ነው የገነዘልኝ። ክር እንኳ ስላልነበረ ከጆንያ ላይ መዞ አውራ ጣቶቿን አሰረላት። ፊቷንም በራሷ ጨርቅ ሸፈነና ድንጋይ ጫነበት። ክርስቲያን ይሁን እስላም ለሁሉም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ ያኔ ማን ይጠይቃል። አላህ ይስጠው እላለሁ ሁልጊዜ።»

ፖስታውን ከኪሴ አውጥቼ ክሩን መዳፏ ላይ አደረግኩት።

«እንዲህ ያለ ክር?»

ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይኸው ነው» አለች። «ከየት አመጡት?»

ክሩን መልሼ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። ጀማሉዲን አልታሰረም፤ ተገንዟል። ሁለት ቀን ሙሉ እስረኛ እያየሁ የነበርኩት የእኔ ዓይን ነው። የቅሬው ዳኛ ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ ማለት ይቻላል።

«ማክሰኞ ዶማውን የያዘ ማን ነው?»

«ልጆቼ ናቸው» አሉ ዳኛው። «አምባቸው ዘገየ። አፈር ሲመለስ ነው የደረሰው።»

«ተቀጣ?»

«አምባቸውን ማን ይቀጣል፣ ጌታው?»

አሁን የቀረኝ ምክንያቱ ነው። ከጀብሪል ጋር ወደ ሟቹ ቤት ተመለስን። ረቡዕ ዕለት ቤቱን ወረቀት ፍለጋ አንድ በአንድ በርብረነዋል። ሚስቱ ኑርጃን ኢዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት እስላም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነው ያናገረችን።

«ኑርጃን፣ ጀማል ከሞተበት ቀን በፊት ምን ይሠራ ነበር?»

«ይጽፍ ነበር።»

«ምን ላይ?»

«እዚያ ሉሁ ላይ።»

ግድግዳው ሥር ሁለት ሉህ ቆመዋል፤ ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ፣ የሚጽፍባቸው ሰፋፊ እንጨቶች ናቸው። በዐረብ ፊደል ተሞልተዋል። ረቡዕ ዕለት ቁርኣን ነው ብለን በአክብሮት አልፈናቸው ነበር።

«ቁርኣን አይደለም» አለች። «በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። የአገራችን መሻይኾች፣ ታላላቅ ሸሆቹ፣ መንዙማ እንዲህ ነው የሚጽፉት። ጀማል ሰው እንዲያይበት የማይፈልገውን እዚህ ይጽፍና ሲጨርስ በውሃ ያጥበዋል።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ወረቀት አለ ወይ ብላችሁ ነው የጠየቃችሁኝ።»

ጀብሪል ሉሆቹን በመጋረጃው ሥር አሳለፈላት። እየቀዘቀዘ በሚሄድ ድምፅ አነበበችልኝ፤ እኔ ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ስሞች ናቸው። የአብዱሰላም ወረቀቶች ላይ ያየኋቸው ሦስቱም አሉበት። የመጨረሻው ንጉሡ ይመር ነው። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፤ «እነዚህን በየመንደሩ አየሁ የሚል አጣሁ። ምናልባት መጠለያው ውስጥ አልቀው ይሆን? አያ አምባቸውን ልጠይቅ።»

ኑርጃን እዚያ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ያመነው ሰው ነበር» አለች።

አምባቸው መጋዘኑ ውስጥ የጆንያ አፍ እየሰፋ ነበር። ክሩን ፊቱ አስቀመጥኩት። መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ተወው።

«ጥዬው መሄድ ነበረብኝ» አለ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ሳልጠይቀው ከጆንያዎቹ ሥር ሁለት ነገር አወጣ። አንዱ የጠፋው ዝርዝር ነው። ሌላው በእርሳስ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ነው፤ ስም፣ ቀን፣ የተቀበሩበት ረድፍ።

«በአንድ ሬሳ ሃምሳ ሳንቲም ይከፈልሃል ተባልኩ» አለ። «ከዚያ የሞተ ሰው እንዳይጻፍ የሚል ትዕዛዝ ከላይ መጣ። ያልተጻፈ ሬሳ ደግሞ ማን ይከፍልበታል? ከመሞታቸው በፊት ስማቸውን እየጠየቅኩ እኔው ጻፍኳቸው። ሳንቲም አላየሁም። ዘንድሮ ዘር ሲመጣ፣ መንግሥት በግብር መዝገቡ ላይ አልገደላቸውምና ስማቸው ተጠራ። የመጀመሪያው ሲጠራ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ሲጠራ የቀበርኳቸው ከፈሉኝ ብዬ በጣቴ ፈረምኩ።»

«ጀማሉዲንስ?»

«ለቅሬው ዶማዬን ይዤ ስወጣ አገኘኝ። አብረን ወረድን። ዝርዝሩን አውጥቶ፣ አያ አምባቸው፣ እነዚህን ቀብረዋቸው ይሆን አለኝ። አልጠረጠረኝም። አዎ ብለው፣ ታዲያ ማን ፈረመ ሊል ነው። የለም ብለው፣ ቅዳሜ ሕዝብ ፊት ሊጠራቸው ነው። ወደፊት ሲቀድመኝ...» እጁን አየው። «መቶ አለቃ፣ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳላስበው ነው ያደረግኩት።»

ጀብሪል ከኪሱ ሲባጎ አወጣ።

«ተው» አልኩት። «ካቴናውን አምጣ።»

ሌባ ስይዝ የሚሰማኝ ደስታ አልመጣልኝም። ይህን ሰው ብጠላው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አልጠላሁትም። ለጀማሉዲን ግን አለቀስኩ። የማላምነው እኔ በሕይወት አለሁ፤ ያመነው እሱ ሞተ። ለአልታዬ ልነግራት ወደ ጣቢያው ብመለስ የምታድርበት ፍለጋ ሄዳለች አሉኝ።

ቅዳሜ የእርዳታ ኮሚቴው ዝርዝሩን ለብቻው ሊያርም ፈለገ። «ገዳዩ ተያዘ፤ የሞተን ስም ገበያ ላይ መጥራት ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ጀማሉዲን እንዲነበብ ብሎ ነው የሞተው ብዬ ዋርካው ሥር ቆምኩ። አምባቸውን ከነካቴናው አጠገቤ አቆምኩት። ዘሩን የያዘው መኪና ከኋላችን ነበር። መቶ ዘጠና ሦስቱን አነበብኩ፤ ግራዝማችም ሳይቀሩ ተነስተው ታዩ። ከዚያ ወደ አሥራ ዘጠኙ ገባሁ። ስም ስጠራ የሚነሳ የለም። አምባቸው ግን ደብተሩን ሳያይ ይመልሳል፤ «የካቲት ሦስት፣ ሁለተኛው ረድፍ»፣ «ጥር አሥራ ስምንት፣ ከወንዙ በኩል»። ሕዝቡ መሃል እዚህም እዚያም ሴቶች መጮህ ጀመሩ።

አልታዬ ከፊት ተቀምጣለች። እስከ አምስተኛው ስም ድረስ ዓይኗ የሚነሳ ሰው ይፈልግ ነበር። ከዚያ መፈለግ ተወች። ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ቀድማኝ አምባቸው ፊት ቆማለች።

«አያ አምባቸው፣ ንጉሡን አንቱ ነዎት የቀበሩት?»

«እኔ ነኝ። የካቲት ሃያ። ወደ ወግዲ ሲያልፍ ታሞ መጠለያው ገባ። ወደ ቤቴ እየተመለስኩ ነው ብሎኛል።»

«አውራ ጣቱን አሰሩለት?»

«አሰርኩለት።»

«ፊቱንስ?»

«በራሱ ጋቢ ሸፈንኩት።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወር ሙሉ ስረግመው ከረምኩ፣ ጌታው» አለች። «ለሌላ ሴት ይዘራል ብዬ።» ቀጥላም «ቦታውን ያሳየኝና መጥቼ ዘሬን እወስዳለሁ» አለች።

አምባቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላው፣ ገበያው በሙሉ ከኋላቸው ሄደ። ጀብሪልም ተከተለ። እኔም ሄድኩ፤ መኪናው ላይ ጠባቂ እንዳላቆምኩ ትዝ ያለኝ መቃብሩ ላይ ደርሰን ነው። ሁለት ሰዓት ቆየን። ስንመለስ ጆንያዎቹን ቆጠርኩ። አንድም አልጎደለም።

ንጉሡ ይመር የሚለውን ሰረዝኩና ከሥሩ አልታዬ ብዬ ጻፍኩ። የቀለሙን ጨርቅ አቀረብኩላት። እጇን አልታጠበችም ነበር። አውራ ጣቷ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ቀለሙና የመቃብሩ አፈር አብረው ታተሙ።